ማርሊስ የወጣችበት ጣሪያ

ማርሊስ ቀናተኛ መሆኗን ራሷም አትክድም ነበር። ከሰባት እህትማማቾች አምስተኛዋ ስለሆነች ጫማውም ቀሚሱም ሌላው ለብሶ ሲበቃው ነው የሚደርሳት። ባሏ አርቪድ እንኳ መጀመሪያ ቤታቸውን የረገጠው ታላቅ እህቷን ብሎ ነው። እህትየው ሌላ ስታገባ ወደ ማርሊስ ዞረ። ልጆች ወልደው፣ አሳድገው፣ ዳሩ። እሷም የትምህርት ቤት ምግብ ስትቀቅል ኖራ፣ እሱም አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጡ። ያቺ የመጀመሪያዋ ነገር ግን እንደ እሾህ ስባሪ ውስጧ ቀርታለች።

በጋ በገባ ቁጥር ሰሜን ሚኔሶታ ይወጡና ሐይቁ ዳር ይሰነብታሉ። የሚያርፉት አርቪድ ከአባቱ በወረሰው አሮጌ ተጎታች ቤት ነው። ድሮ በመኪና እየተጎተተ አገር ያካለለ፣ ዛሬ ጥድ ሥር ጎማው ሣር ውስጥ ሰጥሞ የቀረ ቤት ነው። ቆዳው ላሜራ፣ አጥንቱ እንጨት። እንዲህ ያለ ቤት ጣሪያው ቸል ከተባለ አለቀለት። የላሜራው መጋጠሚያ የተሸፈነበት ማሸጊያ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ውኃው በዚያ ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ አርቪድ በየዓመቱ ወጥቶ ያድሰዋል።

ዘንድሮ ግን አልወጣም። በዘነበ ቁጥር አልጋቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ማርሊስም ድስት ትደቅናለች። አርቪድ ደግሞ አንድ ቀን ነፋሱን፣ አንድ ቀን ጉልበቱን፣ አንድ ቀን ዓሣውን ያመካኛል።

በዚህ መሀል ኮሊን መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። እሷም ጣሪያው ወንፊት የሆነ አሮጌ ተጎታች ቤት ይዛ ጎናቸው ሰፈረች። አርቪድ ሰላም ሊላት በሄደ ማግስት የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?" አለችው ማርሊስ።

"ኮሊን ጋ። ጣሪያዋ ያፈሳል።"

"የእኛስ ምን ያፈሳል፣ ወይን?"

"መጣሁ፣ ማርሊስዬ።"

ማርሊስዬ የሚላት ሲያጠፋ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቁርሱን እንደጨረሰ ውልቅ ነው። ምሳ ሲደርስ እያፏጨ ይመጣል። "ጎበዝ ሴት ናት" ይላል ሳንድዊቹን እየገመጠ። ማርሊስ የራሷን ሳትጨርስ ሳህኑን ታነሣለች። የጋራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ያገኘቻት አንዲት ጎረቤት ደግሞ፣ "ባልሽን አከራየሽው እንዴ?" ብላ ሳቀችባት። ማርሊስም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ፎጣዎቹን ወርውራ አለቀሰች።

አንድ ጠዋት አርቪድ መነጽሩን ረስቶ ሄደ። ጥሩ ሰበብ አገኘች። መነጽሩን ይዛ፣ የምትላቸውን ቃላት ሁሉ በሆዷ እየደረደረች ሄደች።

አርቪድ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጣሪያው ላይ፣ በተዘረጋ ጣውላ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ እጇ እስከ ክርኗ በማሸጊያ የጠቆረው ኮሊን ናት።

"ጥጉን እንዳትዘልዪው" ይላታል። "የድሮው ሙልጭ ብሎ ካልተፋቀ አዲሱ አይይዝም።"

"ሙልጭ አድርጌዋለሁ፣ ጌታው!"

"አንተ ጥላ ሥር፣ ሴትዮዋ ጣሪያ ላይ?" አለች ማርሊስ።

አርቪድ ደነገጠ። ኮሊን ግን ከላይ፣ "ታዲያ ምን ያድርግ? ሐኪሙ መሰላል ከልክሎት..." አለችና የማርሊስን ፊት አይታ ቀጥ አለች። "አልነገርካትም እንዴ?"

ነገሩ ወጣ። ከመኸር ጀምሮ ያዞረዋል። ጋራዡ ውስጥ አንዴ ወድቋል። ለሐኪሙ ነገረ፣ ለኮሊን ነገረ፤ ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

"ብትስማት ይሻለኝ ነበር" አለች ማርሊስ።

"ኧረ እኔም ልጠየቅ!" አለች ኮሊን።

አርቪድ አንገቱን ደፋ። "እሷ ምን ጨነቃት፣ የራሷ ባል አይደለሁ። አንቺ ካወቅሽ ግን ሹካ ሳነሣ እንኳ በዓይንሽ ትደግፊኛለሽ። ያንን ፈራሁ።"

ማርሊስ መነጽሩን ጭኑ ላይ ጥላለት ተመለሰች። መሰላሉን ራሷ ጎትታ ቤታቸው ላይ አስደገፈችና መፋቂያውን ይዛ ወጣች። አርቪድ ሲደርስ የደረቀው ማሸጊያ እንደ ቅርፊት እየተፈናጠረ ነው።

"ጣውላ አንጥፊ! ላሜራውን ከረገጥሽው ይጎደጉዳል!"

"ጣውላውን አቀብለኝና አፍህን ዝጋ!"

ጣውላውን አቀበላት፤ አፉን ግን አልዘጋም። መጋጠሚያውን የያዘውን የብረት ጥብጣብ ስታነሣ ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ እርጥብ ኬክ ተፈረፈረ። በስብሷል። አዲስ እንጨት ሲገባ አንዱ ላሜራውን ቀና አድርጎ መያዝ፣ ሌላው ብሎን ማሰር አለበት።

"ኮሊንን ልጥራት?"

"እንዳትሞክራት!"

ብቻዋን ታገለች። ላሜራው አውራ ጣቷን ሸረከታት። ከሐይቁ ማዶ ደመናው እየጠቆረ ሲመጣ ቀና ብላ፣ "ኮሊን! ሥራ ከፈታሽ ነይ!" ብላ ተጣራች።

ኮሊን መጣች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተኝተው አንዷ ስትይዝ አንዷ ስታጠብቅ ቆዩ።

"ባሌ ከሞተ ወዲህ የሚያዘኝ አጥቼ ነበር" አለች ኮሊን ቀስ ብላ።

ማርሊስ ብሎኑን አጠበቀች። "ትእዛዙን እንካፈል። ሰውየውን ግን አላካፍልም።"

"ያዢው እባክሽ፤ ማንኮራፋቱ እኔ ድረስ ይሰማል!"

ማርሊስ ሳታስበው ሳቀች። ማሸጊያውን በመጋጠሚያው ላይ እንደ ሊጥ አፍስሳ ዳር ዳሩን ስትዳምጥ ነፋሱ ተነሣ። ዝናቡ የመጣው ገና አርቪድ መሰላሉን ሳያነሣ ነው። ሦስቱም ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣሪያውን አንጋጠው አዩ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ማርሊስ አብራው ትገባለች፤ ያልገባትንም አስደግማ ትጠይቃለች። በየበጋው ጣሪያው ላይ የምትወጣው እሷ ናት፣ የሚጮኸው እሱ። ቅናቷ ግን ለቀቃት ማለት አይቻልም። ማምሻውን እሳት ዳር ኮሊንና አርቪድ ሲሳሳቁ ካየች ወንበሯን አንሥታ መሀላቸው ትሰየምና፣ "ምንድነው የሚያስቀው?" ትላለች። እነሱም ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሯታል።