አጎበር የተወጠረለት ግብ

አሁን ሸዋሮቢት ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። የዱሮው የቡድናችን ሰብሳቢ በተሳፈረ ቁጥር «አየህ፣ ከጎዳና ያወጣህ ኳስ ነው» ይለኛል። እኔ ማርሽ እቀይራለሁ። መልስ ከጀመርኩ መንገድ ላይ አውርጄው ነው የምሄደው።

ያኔ መናኸሪያው በረንዳ ላይ ስናድር የከተማው ደጋግ ሰዎች አሰቡልንና ኮሚቴ ሆነው የኳስ ቡድን አቋቋሙልን። ቤት ሰጧችሁ ወይ እንዳትሉኝ። ጀርባው ላይ «ጎዳና ይብቃ» የሚል ቢጫ ማሊያ ሰጡን። እሱን ለብሰን እዚያው በረንዳችን ላይ ተኛን።

እኔ በረኛ ነበርኩ። አጥቂያችን ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ጀውሃ ላይ ሽንኩርት ሲጭኑ ሲያወርዱ የኖሩ፣ ወባ እየጣለ እያነሳ ጉልበታቸውን የጨረሰባቸው ጎልማሳ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ኳስ ወደው አልገቡም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ «እንደገና ከያዘዎት አይነሱም፣ አጎበር ውስጥ ይተኙ» ብሏቸው ነው። አጎበር ደግሞ የሚታደለው በቤት ቁጥር ነው። ቤት የሌለውን ሰው ቢምቢ አትነክሰውም መሰለኝ።

«ተጫዋች ከሆንኩ ኮሚቴው አንድ አጎበር አይነሳኝም፣ ኢንሻአላህ» ይሉ ነበር።

ከማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ጋር ልንጫወት ሜዳ የወጣን ዕለት ጋሼ ደርቀው ቀሩ። ለግቡ የታዘዘው መረብ አልደረሰም ተብሎ በሁለቱም ግብ ላይ አዲስ አጎበር ተወጥሯል። ሰማያዊ፣ እጥፋቱ እንኳ ያልለቀቀ። ሰብሳቢውን ጠጋ ብለው «ጌታዬ፣ ጨዋታው ሲያልቅ አንዱን ለኔ» አሉት። ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና «አባባ፣ አጎበር ለቤት ነው» አላቸው። ግብም የቤት ቁጥር እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ።

ከዚያ ሰብሳቢው ንግግር አደረገ። «ኳስ ቤታችሁ ናት» አለን። እሱ የሚያድረው ቪላው ውስጥ ነው።

ጨዋታው ሲጀመር ጋሼ ኳሱን ትተው ወደኔ እየመጡ «እንዳይቀደድ አደራ» ይሉኛል። የኛ አጥቂ ይኸው ነው። ሦስት ገባብኝ፤ አጎበሩ ግን ደህና ነበር። ወደ መጨረሻው የማዘጋጃ ቤቶቹ ተከላካዮች ቆመው ሲስቁባቸው ጋሼ እልህ ያዛቸውና ያገኙትን ኳስ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ለጉት። ገባ። አጎበሩን ቀዶ በዚያኛው በኩል ወጣ። ሰው ተሸክሟቸው ሲጨፍር እሳቸው አንገታቸውን አዙረው ቀዳዳውን ያያሉ።

ሽልማት ይገባቸዋል ተባለ። ያንኑ የቀደዱትን ሸለሟቸው። ደህናው ለሚቀጥለው ጨዋታ ተቀመጠ።

ሲመሽ በረንዳችን ላይ ወጠርንላቸው፤ ቀዳዳው ትክክል ፊታቸው ላይ መጣ። ማሊያቸውን አውልቀው ወሸቁበት። «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ቤት» አሉ። ወላሂ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጠዋት ሰብሳቢው መጣና ማሊያው የቡድኑ ንብረት ስለሆነ ታጥቦ ይቀመጣል አለ። ጋሼ ከቀዳዳው ውስጥ መዘዙትና አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ያ አስተጣጠፋቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወባው ሲመለስባቸው ብዙም አልቆዩም። ቀብረናቸው በመጣን ማግስት ሁለተኛው ጨዋታ ሆነ። ሰብሳቢው የሳቸውን ማሊያ አሳጥቦ፣ አስተኩሶ ይዞ መጣና «ተቀያሪው ማን ነው?» አለን።