እህቴ የሰፋችው ባለሁለት ፊት ቦርሳ

ዛሬ ከገደብ ከተማ የመጣችው ታላቅ እህቴ አልማዝ ስፌቱ ላይ በተወችው መዳፍ በማታህል ክፍተት ሙሉ የጨርቅ ቦርሳ ገልብጣ ስታወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በአንድ በኩል አበባ ያለበት ጨርቅ፣ በሌላው አቡጀዲ ነው። በሁለቱም ፊት ይያዛል፤ ስፌቱ የትም አይታይም። እኔ ብሆን ክፍተቱን ረስቼ ዙሪያውን እዘጋው ነበር!

አቡጀዲውን ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። በጃንሆይ ጊዜ እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ቤት ቀረሁ። እናታችን የሰፋችላትን የአቡጀዲ ቦርሳ በቅናት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። «ጣልሽው» ተብላ የተገረፈችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ያን ቦርሳሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ክፍተቱን ሰፍታ ዘጋችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አውቃለሁ። የቦርሳውን አዝራር አመድ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገር እማዬ ደብተሬ አጠገብ አታደርስሽም ነበር። ተደብቀሽ ፊደል ስትቆጥሪበት አይሽ ነበር እኮ፣ አንቺ ሌባ!»

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ደግፎ ያቆመኝ ማንበብ ነው። ለካ እኔ እንዳነብ እሷ ተገርፋልኛለች።

ቦርሳውን «ለመጽሐፎችሽ» ብላ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችልኝ።

እናንተስ፣ ጥፋታችሁን እያወቀ ለእናንተ ሲል ዝም ያለ ሰው አላችሁ? በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ የመለሰላችሁንም እዚህ ጻፉልኝ።