የሳንጋፕ ፊት ሞላ

ማልሱን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከድንጋይ ከሰል መሃል ድንጋይ ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። በከሰል ማዕድን ከተማዋ በቴቤክ የማዕድን ቆፋሪ ሚስት ሌላ ምን ሥራ ታገኛለች? ከዓይኗ ይልቅ ጣቶቿን ታምናለች። ባሏ ሳንጋፕ ከጉድጓድ በሰላም እንዲመለስላት ጫማውን ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ ታስቀምጥ ነበር። ተመለሰም፤ አቧራውን ግን በሳንባው ይዞ ነው የተመለሰው።

ዘንድሮ ያ የደከመ ሳንባ ተቀደደና ሐኪሞች በጎኑ ቱቦ ከተቱለት። የሚያመልጠው አየር በቱቦው ወርዶ አልጋው ሥር ባለ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቡልቅታው ሲቆም ሳንባው መዳን ጀመረ ማለት ነው ብለዋት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቆመ። ማልሱን ምሥራች ሲያወሩት ይሸሻል ብላ ደስታዋን ዋጥ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ የድሮ የጉድጓድ ባልደረባው ፓንዶል ሊጠይቀው መጣ። ገና ከበሩ ላይ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጉንጭ አወጣህ እኮ! ሚስትህ ምን ብታበላህ ነው?" አለው።

"የሩዝ ገንፎ ነው" አለች ማልሱን እየተሽኮረመመች። እውነትም ፊቱ ሞልቷል። እየከሳባት ስድስት ወር ሙሉ የተመኘችውን ፊት ስታይ ከየት መጣ ብላ ባትጠይቅ ማን ይፈርድባታል?

አመሻሹ ላይ ፊቱን ልታጥበው እጇን ጉንጩ ላይ ስታሳርፍ፣ ቆዳው ሥር የረገጡት በረዶ ይመስል ተንኮሻኮሸ። ሥጋ አይንኮሻኮሽም። አንገቱን ዳበሰች፣ ደረቱን ዳበሰች፤ ሁሉም ያው ነው። ዓይኖቹ አብጠው ተከድነዋል። "ምን ሆነሻል?" ሲላት ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኗል። እየጮኸች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

የረጋ ደም ቱቦውን ደፍኖት ኖሯል፤ ቡልቅታው የቆመውም ለዚሁ ነው። መውጫ ያጣው አየር በቆዳው ሥር ተሰራጭቷል። ሐኪሟ ወፍራም ቱቦ ቀየረችለት፣ ከአንገቱ አጥንት በታችም በግራና በቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ በጣችለት።

"ጠርሙሱ ሲቆም አይቻለሁ" አለቻት ማልሱን። "ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።"

ሐኪሟ፣ "እማማ፣ አሁን እጅዎን ይስጡኝ" አለቻት። አየሩን ከጉንጩ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ቀዳዳዎቹ በቀስታ እንዴት እንደሚገፉት አሳየቻት። ማልሱን ሁለት ቀን ገፋች።

በሦስተኛው ቀን ሳንጋፕ ዓይኑን ገለጠ። አየሩ ሲወጣ ግን ጉንጩም አብሮ ሄዶ፣ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። ማልሱን እንባዋ መጣ። እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠራችው።

"የሚኦክ አባት፣ ከሱብኝ።"

"ድሮስ እንዲሁ አልነበርኩም? አንቺ ነፋስ ስታወፍሪ ሰነበትሽ እንጂ" አላት።

ከአልጋው ሥር ጠርሙሱ እንደገና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማልሱን እንዲቆም ተመኘች፤ እንዳይቆምም ፈራች።