የግራና ሜዳ ከእርዳታ እንዴት እንደዳነ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት ግራና ላይ የመንግሥት እርዳታ በሞፈር ሲባረር አይቼ መመለሴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ አንድ ሹም መጥቶ፣ «የከብት ማሰማሪያ ሜዳችሁ ክፍት እንደሆነ እንዲቆይ፣ ማንም እንዳያርሰው መንግሥት ገንዘብ ይሰጣችኋል። ዛሬ ሳምንት መጥቼ አየዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ሹሙ «ክፍት» ያለውን የግራና ሽማግሌዎች «ጠፍ» ብለው ሰሙት። ጠፍ የተባለ መሬት ደግሞ ባለቤት የለውም ተብሎ ለአንዱ ባለሟል እንደሚሰጥ የማያውቅ የለም።

ሹሙ ዛሬ በቀጠሮው መጣ (አዎ፣ እኔም ደንግጫለሁ)። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ታርሶ ጠበቀው።

«ምን ነካችሁ? ሣሩስ የት ሄደ?»

«የምን ሣር ጌታዬ?» አሉ የአገሩ ሽማግሌ አያ ይመር፣ በሬዎቻቸውን ከቀንበር እየፈቱ። «ወላሂ ግራና ላይ ክፍት የሚባል መሬት የለም። ይኸው፣ ሁሉም የሚታረስ ነው።»

«ገንዘቡ እኮ እንዳይታረስ ነው፣ አባቴ።»

«እሱን ጠፍ ላላቸው ይስጡልን። አላህ ይስጥዎት።»

ሹሙም «በግራና የሚጠበቅ ሜዳ አልተገኘም» ብሎ ጻፈና ላንድሮቨሩን አስነስቶ ወደ መርሳ ነዳ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

ሽማግሌዎቹ መሬታቸውን አተረፉ፣ ሹሙም ገንዘቡን። ግራ የገባቸው በሬዎቹ ብቻ ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው ሊግጡ ሄደው ጓሉን እያሸተቱ ቆመዋል።

እናንተስ፣ መንግሥት ሊረዳችሁ የመጣ ዕለት እንዴት ተረፋችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።