ለመሬታችን የመጣው ኖራ

ጋሽ ሞላ ሞተ ሲሉኝ "የቱ ሞላ?" አልኩ። ሌላ ሞላ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ከትናንት ወዲያ እኮ ከሩቅ ሲቆጣ ድምፁን ሰምቻለሁ!

ኮሌራው ነው። ጠዋት ያዘው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰው። ዛሬ ቀበርነው።

ሰው አይሰብሰብ ስለተባለ ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጥንም። እዚሁ ፌስቡክ ላይ ላልቅስ፤ የማታውቁትም እወቁት።

ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ የግብርና ባለሙያ ነበር። እንደ ሁላችንም ነፍሱን ይዞ ተሻገረና እዚህ ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ከእኛ ጋር ሰፈረ። ሥራ የሰጠው የለም። እሱ ግን በየማሳው እየዞረ መጨቃጨቁን ሥራዬ ብሎ ያዘው።

የእኔ ማሳ ከወንዙ ከፍ ብሎ ያለ አሸዋማ መሬት ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ብዙ ማዳበሪያ ይችላል፣ አሸዋ ግን አይችልም። በቆሎዬ ቢጫ ሲሆንብኝ ዩሪያ ጨመርኩ። ባሰበት፤ ደግሜ ጨመርኩ። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፣ ማዳበሪያ ያልበተነ ሰነፍ ይባል ነበር።

ጋሽ ሞላ መጣና አፈሬን በብርጭቆ ውሃ በጠበጠው። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ነከረ። ወረቀቷ ቀላች፤ አፈሩ አሲድ በዝቶበታል ማለት ነው።

"አየሽ? በዩሪያ ብዛት መሬትሽን ቃር ይዟታል! ቃር ለያዘው ሰው አዋዜ ታጎርሻለሽ እንዴ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ዩሪያውን ቀንሺ። ፍግ አልብሻት፣ ከበቆሎው ጋር ሉብያ የሚሉትን ጥራጥሬ አፈራርቂባት። ከሁሉ በፊት ግን ዝናቡ ሳይገባ ቃሯን የሚያበርድ ኖራ በትነሽ እረሺው።"

ከዚያ ወዲህ "ቃር ይዟታል" የሰፈር ቀልድ ሆነ። አንዱ ሲቆጣ "ቃር ይዞታል፣ ኖራ ስጡት" እንባባላለን። ራሱም ይስቅ ነበር።

ኖራው ግን ከየት ይምጣ? ለግድግዳ መቀቢያ የሚሸጠውን፣ እዚህ "ጂር" የሚሉትን ኖራ ፍለጋ ገዳሪፍ ከተማ ሄደ። ሲመለስ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ጆንያውን ቀደዱበት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መድኃኒት።"

"ማን ታሞ?"

"መሬት!"

ተሳሳቁበትና አስፋልቱ ላይ ደፉት። እሱ ነጭ ዱቄት መስሎ ባዶ እጁን ገባ። ደግሞ ሄደ። በሁለተኛው አመጣው፤ ወላሂ፣ እልል ነው ያልኩት።

ልንበትን ስንሰናዳ ኮሌራው ገባ። መጸዳጃው ላይና መቃብሩ ላይ የሚነሰነስ ኖራ ጠፋ። የሰፈሩ ኮሚቴዎች ኖራውን ሊጠይቁ ጋሽ ሞላ ቤት መጡ። እኔም በሩ ላይ ነበርኩ።

"አይሆንም! ዝናቡ ደርሷል፣ መሬቱ እንደዚሁ ከከረመ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ዞሮ አየኝ። የዚያን ጊዜ ብቻ አልተቆጣም።

"አንቺ ልጅ፣ መሬት ትታመማለች እንጂ አትሞትም። ሰዎቹ ይቅደሙ።"

ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ራሱ ሲነሰንስ፣ ሬሳ ሲያነሳ ሰነበተ። እንግዲህ እዚያ ነው የያዘው።

ዛሬ ከጆንያው ሥር የቀረችውን አራግፌ መቃብሩ ላይ የበተንኳት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመሬታችን ሲለፋለት የኖረው ኖራ እሱ ላይ አለቀ። እጄ እስኪዝል አራገፍኩት፣ ሌላ ምንም አልወጣም።

ጋሼ፣ ተቀይሜሃለሁ። ልክ ነበርክ፤ ልክ መሆንህ ግን ለልጆቼ እራት አይሆንም። አንተ ብትኖር ይኼን ስልህ ትቆጣኝ ነበር፣ ከዚያም የሆነ መላ ታመጣልኝ ነበር።

ሰዉ ሁሉ "አፈሩ ይቅለልህ" እያለህ ነው። የእኛን አፈር ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም፣ እኔ ይቀልልሃል ብዬ እንዴት ልዋሽህ?

ደህና ሁን ጋሼ። ከቀብርህ ስንመለስ ዝናቡ ጀመረ። ዘሩን ይዤ ማሳው ዳር ቆሜያለሁ። ልዝራው ወይስ እንብላው?