ማዛጋት ያልተጋባባት ልጅ

ዛሬም ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ባለቤቴ አፉን ከፍቶ «ሃ...አአ» ካለ የአባባ ድምፅ ከቡሬ ድረስ መጥቶ ጆሮዬ ይገባል። አባባ ዝም ብለው አያዛጉም ነበር፤ ትከሻቸው ተነሥቶ፣ አገጫቸው ወርዶ፣ ድምፁ ጓዳ ድረስ ተሰምቶ፣ በመጨረሻ አፋቸውን አማትበው «እንቅልፍ ደጅ ቆሟል» ይሉ ነበር።

በአንድ ክረምት እናትና አባቷ የሞቱባት የአባባ ወንድም ልጅ ይመኙሽ ከፈረስ ቤት ከተማ ቡሬ እኛ ዘንድ ልትኖር መጣች። እሷ አሥር ዓመቷ ነበር፣ እኔ አምስት አልሞላኝም። በመጣች ምሽት አባባ ሲያዛጉ እሷም ተከትላ አዛጋች። እማዬ ስቃ «አዩ? ማዛጋት የሚጋባው በሚዋደድ ሰው ነው» አለቻቸው። አባባም «የሥጋ ነገር እኮ ነው» ብለው ራሷን ዳበሷት። እኔስ የማን ሥጋ ነኝ?

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ጉልበታቸው ሥር ተለጥፌ አፍ አፋቸውን አይ ነበር። ምንም! ይመኙሽ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ እያጠበች እንኳ ድምፃቸውን ስትሰማ ታዛጋለች። ቅናት ልጅ አይምርም፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ ያመኝ ነበር።

ኅዳር ላይ በቆሎ ከበን ስንፈለፍል አባባ አዛጉ፤ እኔም መንጋጋዬ እስኪያመኝ አፌን በግድ ከፍቼ «ሃአአ» አልኩ። «ምነው ልጄ፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። ይመኙሽ ስትስቅ ጊዜ የተፈለፈለ ቆረቆንዳ አንሥቼ ወረወርኩባትና «ያንቺ አባት አይደሉም!» ብዬ ጮኽኩ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ጎናቸው ያስቀመጡት እሷን ነበር።

በሁዳዴ አባባ ከእርሻ ተርበው ሲመለሱ ደጋግመው ያዛጉ ነበር፣ እሷም ትከተላለች። «ስለምትጾም ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ፋሲካ አልፎም ግን አልተወችም።

ኋላ ጤና ስማር አንድ አስተማሪ ስለ ማዛጋት አነሣ። ሰው ለምን እንደሚያዛጋ ገና አልተቆረጠም፤ አንዳንዱ አንጎልን ያቀዘቅዛል ይላል፣ ሌላው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን አንጎል ያነቃቃል ይላል። «መጋባቱ ግን» አለ፣ «ሕፃን ላይ ብዙም አይታይም፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ነው የሚጀምረው።» ለካ የጎደለኝ ፍቅር ሳይሆን ዕድሜ ኖሯል! እንባዬን ስጠርግ አስተማሪው እንቅልፍ የያዘኝ መስሎት «ውጪና ፊትሽን ታጠቢ» አለኝ።

አሁንማ በስልክም ይጋባብኛል። አባባ አርጅተዋል፤ ይመኙሽ እዚያው ቡሬ አግብታ፣ እሳቸውንም ቤቷ ወስዳ ታኖራቸዋለች። ማታ ስደውል ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች፤ ሲያዛጉ እኔም አዛጋለሁ፣ ዓይኔ እንባ ይሞላል። ያኔ ጉልበታቸው ሥር ሆኜ አይጋባብኝም ነበር፤ ዛሬ ይጋባብኛል፣ ብርድ ልብሱን የምታለብሳቸው ግን እሷ ናት።