በማይተዋወቁ ቦክሰኞች የተኳረፍነው

«ሰዎቹ ምን ተባብለው ነው የተጣሉት?» አሉን ዛሬ ሊያስታርቁን የተቀመጡት ሼህ ሙሄ።

ሰዎቹ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ናቸው። አንዱ ቦክስ ያቆመው ሌላው ሳይወለድ ነው።

እኔና ሰይድ ሐይቅ ላይ በአንድ ጀልባ ዓሣ እናሰግራለን። «አንድ ዙር ብቻ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?» ብለን ተከራክረን ሦስት ሳምንት ተኳረፍን። ጀርባ ተሰጣጥቶ መረብ መሳብ እንዴት እንደሚያደክም አትጠይቁኝ።

«ኧረ አይተዋወቁም» አለ ሰይድ አንገቱን ደፍቶ።

ሼሁ ዱዓ አደረጉልን፤ አሚን ብለን ተቃቀፍን። እፎይ፣ ነገ ፊት ለፊት ተቀምጠን ልንቀዝፍ ነው።

ስንወጣ ጠሩን።

«ለመሆኑ አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ነው?»

«ሦስት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው በሩን ዘጉ።

እናንተስ በማን ጠብ ከማን ጋር ተኳርፋችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ሞኙ እኔ ብቻ እንዳልሆን።